አዋሽ ጣቢያ፦ ወደ አለማያ ያሳለፈን በርና ሳይጨረስ የቀረው እድሳት

የዚህ የመገናኛ በዓል መጽሐፍ አዘጋጆች «ስለ ድሮው አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ስለ ግቢያችን የሚጽፍ ሰው እንደማይጠፋ ገመትኩ። ስለ መመገቢያ አዳራሹም፣ ስለ ከብት በረቱም፣ ስለ ሐይቁ መድረቅም ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ። እኔ የመረጥኩት ከግቢው ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በረሃ ጫፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ትንሽ የባቡር ጣቢያ ነው። ከአዲስ አበባ በኩል ለመጣነው የአለማያ ልጆች ግን ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። ብዙዎቻችን ከቤት መውጣታችን የገባን እዚያ ነው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ጽፌአለሁ። ምክንያቱን ወደ መካከሉ ላይ ታገኙታላችሁ።)

የመጀመሪያ ጉዞዬ በ1975 ዓ.ም. ነበር። አባቴ ለገሃር ድረስ ሸኝቶኝ፣ ሻንጣዬን በመስኮት ካቀበለኝ በኋላ ምክር ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ «አዋሽ ስትደርስ ውረድና ሻይ ጠጣ፤ ግን ፊሽካው ከማይሰማበት እንዳትርቅ» አለኝና ሄደ። ስለ ትምህርት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ባቡሩ አቃቂን፣ ደብረ ዘይትን፣ ሞጆን፣ ናዝሬትን እያለ ቁልቁል ሲወርድ ሹራብ ይወልቃል፤ ቀጥሎ ኮት፤ ቀጥሎ ጫማ። መተሐራ ላይ ሸንኮራ በመስኮት ይገባል። የበሰቃ ሐይቅ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከብቦ ከሐዲዱ ሥር ተኝቶ ይታያል። ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ አልፈን አዋሽ ስንደርስ ሙቀቱ በበሩ ገብቶ አጠገባችን የሚቀመጥ ይመስል ነበር።

አዋሽ ላይ ባቡሩ ቶሎ አይነሳም። ሹፌሮቹ ይወርዳሉ፣ ሠራተኛው በመዶሻ ጎማውን እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፣ ተሳፋሪው ወደ ጥላው ይሮጣል። የአፋርና የከረዩ ሰዎች ወተት፣ ከሰልና ሰሌን ይዘው ይቀርባሉ። ሰኞ ከሆነ ገበያ ነውና መድረኩ ላይ መቆሚያ የለም። አራተኛ ዓመት የደረሱ ነባሮቻችን እንደ አገር ሽማግሌ «እዚህ ግዛ፣ እዚያ አትግዛ» እያሉ ያዙናል። እኔ ሻዬን ጠጥቼ ፊሽካው ሲነፋ እየሮጥኩ የተሳሳተ ፉርጎ ውስጥ ገባሁ። ቀጣዩ ጣቢያ እስኪደርስ አሰቦት ድረስ ከማላውቃቸው ነጋዴ ሴቶች መሐል ተቀምጬ ሄድኩ። «የማን ልጅ ነህ? ምሳ በልተሃል?» ብለው ያበሉኝን ሳምቡሳ እስካሁን አስታውሳለሁ።

ታሪኩን ከፊቱ እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ በኩል ሥራው የተጀመረው በ1890 ሲሆን፣ ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ቦታ የደረሰው በ1895 ታኅሣሥ ላይ ነው። ዕቅዱ ሐረር መግባት ነበር። ተራራው ግን ለባቡር አይመችምና ሐረር ቀረች፤ ከተማዋ ከታች ሜዳው ላይ ተወለደች። እኛ በአውቶቡስ በደንገጎ ዳገት አለማያ ለመድረስ ስንንገላታ የኖርነው እነዚያ መሐንዲሶች ዳገቱን ትተውልን ስለሄዱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘቡ አለቀበት። በጀርባው ደግሞ ፈረንሳይና እንግሊዝ «መንገዱ የማን ይሁን» እያሉ ይጎተቱ ነበር። ምኒልክም ባቡሩ የባዕድ መንግሥት መግቢያ እንዳይሆን ሰግተው ነገሩን በጥርጣሬ ይዘውታል፤ ስጋታቸው ደግሞ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ኩባንያው ከስሮ አዲሱ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ከተቋቋመ በኋላ ነው ሥራው ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና ነፍስ የዘራው። በዚህ ሁለተኛ ምዕራፍ ሐዲዱ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ አልፎ አዋሽ ገባ፤ በ1907 አቃቂ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ። ሙሉው መስመር ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ለገሃር ዛሬ የምናውቀው ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ባቡሩ ከገባ ከዓመታት በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው።

አዋሽ ለምን ጣቢያ ሆነ? የእንፋሎት ባቡር ውኃ ጠጪ እንስሳ ነው፤ በየተወሰነው ኪሎ ሜትር ካላጠጡት አይሄድም። በየጣቢያው ከፍ ብሎ የምናየው የውኃ ጋን ለጌጥ አልቆመም፤ ጣቢያዎቹ ያን ያህል የተቀራረቡትም በእሱ ምክንያት ነው። አዋሽ ደግሞ ከመተሐራና ከፈንታሌ ሜዳ በኋላ፣ ወንዙ ጥልቅ ገደል ቆፍሮ በሚያልፍበት አጠገብ ነው። ገደሉን በድልድይ መሻገር ግድ ነበር፤ ድልድይ ባለበት ጠባቂም፣ የጥገና ሠራተኛም፣ መጋዘንም ይኖራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አዋሽን አዋሽ ያደረጋት ሌሊት ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ በጨለማ አይሄድም ነበር። ደረቅ የሚመስለው ወንዝ ዝናብ በጣለ ቁጥር በድንገት እየሞላ ሐዲዱን ጠርጎ ይሄዳልና፣ ያንን ሳያዩ መንዳት ሞት ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሦስት ቀን ጉዞ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ ያድራሉ።

ይህን አንድ ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማንም ሰው፣ አምባሳደርም ይሁን ነጋዴ፣ የጦር መሣሪያ ሻጭም ይሁን ሚሲዮናዊ፣ አዲስ አበባን ከማየቱ በፊት አንድ ሌሊት አዋሽ ላይ ማደር ነበረበት። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን የመጡት የአውሮፓ ልዑላንና ማርሻሎች በዚሁ ሐዲድ ነው ያለፉት። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው ለስደት ወደ ጅቡቲ የሄዱትም በዚሁ ነው። ክብሩም ውርደቱም ያለፈው በአንድ መድረክ ፊት ነበር፤ ልዩነቱ አንዱ ወደ ምዕራብ ሌላው ወደ ምሥራቅ መሄዱ ብቻ ነው።

መንገደኛው የሚያድርበት ቤት ቡፌ ዳዋሽ ነበር። «ቡፌ ደ ላ ጋር» የሚለው የፈረንሳይ አጠራር ለገሃር ላይም ነበርና የአዋሹ የእሱ ታናሽ ወንድም ነው ብንል አይከፋም። በኖራ የነጣ ግድግዳ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ግቢው ላይ የተንጠላጠለ ቡገንቪሊያ። ከሐዲዱ በር ላይ ወርደህ አንድ ደቂቃ ሳትሄድ ጠረጴዛ ታገኛለህ። እኛ ተማሪዎች ከውስጥ ተቀምጠን የመብላት አቅሙ አልነበረንም፤ በረንዳው ላይ ሻይ ይዘን የቆምን ሰዎች ነን። ከክፍላችን ልጆች አንዱ «ስመረቅ እዚህ ገብቼ በሹካ እበላለሁ» ይል ነበር። ተመርቆ የሄደው በአውቶቡስ ነው።

እንግዲህ ስለ ዓመት አቆጣጠር ላንሳ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቡፌ ሲነገር «የተሠራው በ1904 ነው» የሚል ነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ የውጭ አገር ሰዎችም ቁጥሩን እንደ ራሳቸው አቆጣጠር ወስደው ይደግሙታል። በፈረንጅ 1904 ከሆነ ግን ነገሩ አይሆንም። ያኔ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዋሽ ላይ ለማን ምሳ ሊያበስሉ ነው? በእኛ 1904 ከሆነ ግን በፈረንጅ 1911 ወይም 1912 መሆኑ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሐዲዱ በትክክል ወደ አዋሽ እየገሰገሰ ነበር። አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ወይም ወረቀት ላይ ያየውን የኢትዮጵያ ዓመት ሌላው የፈረንጅ አድርጎ ገልብጦት ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን የሐዲዱ ታሪክ ከግምቴ ጎን ይቆማል። የታሪክ ክፍል መምህራኖቻችን ተማሪ ሲልኩ ይህችን ቁጥር ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

ጣቢያውን ብዙ ጊዜ ያቆሰለው ድልድዩ ነው። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት፣ የእንግሊዝ ጦር ከሐረርና ከድሬዳዋ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣልያን እያፈገፈገ የአዋሽን የመኪናም የባቡርም ድልድይ አፈረሰ። የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ወንዙን በእግር ተሻገሩት፤ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። የፈረሰው ግን በአንድ ቀን አይነሳም። የዚያ ሐዲድ የመጀመሪያው ትልቅ እድሳት እንግዲህ ከጦርነት የተወለደ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ከአዋሽ ወዲያ በምሥራቅ ያሉ ድልድዮች በፈንጂ ፈረሱ፤ መስመሩ ተቋረጠ። አለማያ የነበሩ ታላላቆቻችን ያን ዓመት ምን እንዳዩ እነሱ ይንገሩን፤ እኔ ሳልደርስ ያለፈ ነው። እኛ የደረስንበት ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት የሆነውን፣ የጅቡቲ ኢትዮጵያ ምድር ባቡርን ነው።

አሁን ልጽፈው የማልፈልገውን ክፍል ልጻፍ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አንድ ፈጣን የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ጥምዝ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱ የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ አስከፊው ተብሎ ይቆጠራል። በወቅቱ የተነገረው ምክንያት ባቡሩ ጥምዙ ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው። ዘመኑ የድርቅና የረሃብ ዘመን ነበር፤ ሰው በየቀኑ የሞት ቁጥር እየሰማ ስለነበር ይህኛውም ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ አለፈ። በግቢያችን ግን አላለፈም። «ከእኛ ማን ተሳፍሮ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከዶርም ዶርም ሲዞር ዋለ። ስልክ እንደዛሬው በኪስ አልነበረም። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው መስመር ስሄድ ባቡሩ ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ ዝግ አለ። ፉርጎው ሁሉ ዝም አለ። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሻገሩ። እኔ በሕይወቴ ሻይ ሳልጠጣ አዋሽን ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ በዚያ ጣቢያ ይህን የሚያስታውስ ነገር አላየሁም። ስለ እድሳት ስናወራ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይኸው ነው።

መስመሩ እንዴት ደከመ ለሚለው አንድ መልስ የለም። ሐዲዱ ሲዘረጋ በሜትር 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀጭን ብረት ነበር፤ ለዚያ ዘመን ትናንሽ ባቡሮች ይበቃል፣ ለዛሬ ጭነት ግን አይበቃም። ምስጥ ስለሚፈራ ሐዲዱን የሚሸከሙት ተሸካሚዎች ብረት ሆኑ። ጥሩ ምርጫ ነበር፤ ኋላ ግን ብረት መሆናቸው ለሌባና ለአጥር ሠሪ ተመቸ። በጣልያን ጊዜ ሊቶሪና መጣ፤ በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡር መጣ። ያኔ ውኃ ማጠጣቱ ቀረ። ባቡሩ ሌሊትም መሄድ ስለጀመረ ማደሩም ቀረ። ልብ በሉ፤ አዋሽን መጀመሪያ የጎዳት ጦርነት አይደለም፣ መሻሻል ነው። ባቡሩ በፈጠነ ቁጥር የምትቆምበት ምክንያት ቀነሰ። በኋላ ደግሞ ከአሰብ የሚመጣው የአስፋልት መንገድ ጭነቱን ወሰደ። የበሰቃ ሐይቅም በየዓመቱ እየሰፋ መተሐራ ላይ ሐዲዱንና መንገዱን ደጋግሞ አሰጋ፤ መደልደያው ስንቴ ከፍ እንደተደረገ የውኃ ምህንድስና ምሩቃኖቻችን ያውቁታል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አሮጌውን መስመር ለመጠገን ሥራ ተጀምሮ ነበር። ሐዲድ ሊቀየር፣ ድልድይ ሊጠናከር። ሥራው እንደታሰበው አልሄደም፣ ቆመ። በ2000 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው የመንገደኛ ባቡርም ቀረ። ማንም ሰው «ዛሬ የመጨረሻው ነው» ብሎ አላወጀም። ቀስ እያለ፣ አንድ ቀን ዘግይቶ፣ አንድ ሳምንት ቀርቶ፣ ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተመረቀ፤ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ይሰጣል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። አዋሽም አዲስ ጣቢያ አላት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደውም መስመር ከዚሁ ይገነጠላል። ስለዚህ አዋሽ የባቡር ከተማነቷን አልተነጠቀችም። የተነጠቀችው ባቡሩ መሐሏ መግባቱን ነው። ለከተማ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፦ መንገደኛው ወርዶ ሻይ አይጠጣም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አራት ሆነን በመኪና ወደ ሐረር ስንሄድ አዋሽ ላይ ቆምን። ሦስቱ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው። አሮጌው ጣቢያ ጸጥ ብሏል። የትኬት መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሐዲዶቹ መካከል ቁጥቋጦ በቅሏል፤ ፍየሎች መድረኩ ጥላ ሥር ተኝተዋል። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው በረንዳው ጥግ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታ ሰጠናቸው።

«አባባ፣ የባቡሩ ሠራተኛ ነበሩ እንዴ?»

«ነበርኩ ብቻ? አሁንም ነኝ እንጂ! ባቡሩ ነው ያቆመ፣ እኔማ መች አቆምኩ» አሉን። በድሬዳዋ ልጅ ቋንቋ «አቦ፣ ቁጭ በሉ» ብለው ቦታ ለቀቁልን።

የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሐዲድ ላይ። አንዱ ጓደኛዬ መሐንዲስ ነውና «ይህን ቤት ቢያድሱት ምን ይሻላል ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ይኼ ኖራ ነው ልጄ። ይተነፍሳል። አንድ ጊዜ አንዱን ክፍል በሲሚንቶ ለሰኑት፤ ሦስት ክረምት ሳይሞላው ቅርፊቱ ወረደ። ሲሚንቶው አልተሰነጠቀም ብለው ደስ አላቸው፤ ውስጡ ግን በስብሶ ነበር።» መሐንዲሱ ጓደኛችን ዝም አለ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው «የሦስት ወር ኮርስ በሁለት ደቂቃ አስተማሩኝ» ያለው።

ታዲያ እድሳት ምንድን ነው? ይህን የምጠይቀው ራሴ የተሳተፍኩበት አንድ ጉዳይ ስላለ ነው። ከዚያ ጉዞ ስንመለስ አራታችን ስድስት ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅተን፣ ፎቶዎች አያይዘን፣ ጉዳዩ ይመለከተዋል ላልነው አንድ መሥሪያ ቤት አስገባን። የገቢ ቁጥር ተሰጠን። ከአምስት ወር በኋላ ስንጠይቅ «ይህ የእኛ አይደለም፣ የሌላው ነው» ተባልን፤ ወደ ሌላው ስንሄድ ደግሞ መልሰው ወደ መጀመሪያው ላኩን። ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ማስታወሻው አልተገኘም። የተናደድኩት በመጥፋቱ አይደለም፣ ቅጂ አለኝ። የተናደድኩት አንዲት ትሁት ሠራተኛ «ግን አሮጌ ጣቢያ ነው አይደል? ለምን ፈርሶ ዘመናዊ አይሠራም?» ስትለኝ ቶሎ መልስ በማጣቴ ነው።

አሁን መልሱን አስቤበታለሁ፣ እዚህ ልጻፈው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ጥንታዊ ሕንፃ የሆነን ነገር ማንም ተነሥቶ እንዳያፈርስ፣ እንዳሻውም እንዳይጠግን የሚከለክል። ሕጉ አለ ማለት ነው፤ የጎደለው ቤቱን የለካ፣ የመዘገበና ጉዳዩን የሚከታተል ሰው ነው። ሁለተኛ፣ አሮጌ መስመር ሞቶ አይነሳም የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው የዚሁ የአንድ ሜትር ሐዲድ ክፍል ተጠግኖ ከ2005 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እንደገና ሰው አመላልሷል። ጎረቤታችን ኤርትራም ከምጽዋ አስመራ ያለውን፣ በጦርነቱ ሐዲዱ ለምሽግ የተነቀለውን መስመር ከነጻነት በኋላ እንደገና ዘርግታዋለች። ሥራውን የሠሩት በአብዛኛው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ የጣልያን ዘመን የእንፋሎት ባቡሮችን ከተጣሉበት አንሥተው አስነሡ። እዚያ ባቡሩ ዛሬ በመደበኛነት ሰው አያመላልስም ይባል ይሆናል፤ እኔ የምለው ግን ዕውቀቱ በሽማግሌዎቹ እጅ እያለ መጠቀም እንደቻሉ ነው። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች በረንዳ ጥግ ተቀምጠዋል።

አዋሽ ላይ ባቡሩ ይመለስ የሚል ሕልም የለኝም። ከአሮጌው ሐዲድ ላይ ለጉብኝት እንኳን ሊቶሪና ይሂድ ብል ድልድዮቹን መጀመሪያ መመርመር አለባቸው፤ ያ ደግሞ የምኞት ጉዳይ አይደለም። ሕንፃውን፣ የውኃ ጋኑን፣ መድረኩን፣ የሠራተኞቹን መኖሪያዎች ማቆየት ግን ይቻላል፤ ከባዱም ሥራ አይደለም። ጣሪያው እንዳያፈስ ማድረግ፣ ኖራውን በኖራ መጠገን፣ የውኃ ማፍሰሻውን ማጽዳት፣ በር መስኮቱን መቁጠርና መቆለፍ። የምፈራው ሌላውን ዓይነት እድሳት ነው፦ ሴራሚክ የሚያነጥፍበትን፣ መስታወት የሚገጥምበትን፣ ግድግዳውን በዘይት ቀለም ቀብቶ ሪባን የሚቆርጥበትን። በየከተማው አይተነዋል። ቤቱ ያምራል፤ ከአምስት ክረምት በኋላ ደግሞ ማንም ያለቀሰለት የለም።

ከዚህ ማኅበር ውስጥ የመሬት ልኬት የሚያውቁ፣ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ያስተማሩ፣ የግብርና ምህንድስና አውደ ጥናት ውስጥ ያደጉ፣ በሕግ የተመረቁ ሰዎች አሉ። አፋርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩም አሉ፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ጣቢያው ያለው በአፋር ክልል ነው፤ ሰኞ ገበያውን የሚሞሉት አፋሮችና ከረዩዎች ሳይጠየቁ የሚታደስ ቤት የእነሱ አይሆንም። የአሁኑ መምህራንም በየዓመቱ ተማሪዎችን ለመስክ ሥራ በአዋሽ በኩል ያሳልፋሉ። አውቶቡሱ ለምሳ የሚቆምበት ከተማ ነው። አንድ ቀን ተጨማሪ፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር ነው የምለው። ሕንፃውን መለካትና መሣል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሄደን «የእኛ አይደለም» ቢሉን እንኳ ቤቱ በወረቀት ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

ከእናንተ ከምሩቃኑ ደግሞ የምለምነው የተለየ ነው። ከ1950 ዓ.ም. ኮሌጁ በይፋ ከተመረቀ ጀምሮ በዚያ መስመር ያለፋችሁ፣ የባቡር ትኬት፣ መድረኩ ላይ የተነሣችሁት ፎቶ፣ ለቤተሰብ የጻፋችሁት ደብዳቤ በሻንጣ ሥር ካለ፣ ለበዓሉ ይዛችሁ ኑ። የ1977ቱን ቀን የምታስታውሱ በተለይ ኑ። ቅጂ አንሥተን ዋናውን እንመልስላችኋለን። ያኛው ጓደኛችን፣ በሹካ እበላለሁ ያለው፣ አንድ ፎቶ እንዳለው በስልክ ነግሮኛል፤ ሦስታችን በረንዳው ላይ ቆመን፣ እኔ አፌ ውስጥ ሳምቡሳ ይዤ። እሱ ይመጣል።